ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚሸጥ ምክር

እዚህ አሜሪካ በሚሰራጭ አንድ የአማርኛ ሬዲዮ ባለፈው ሳምንት የቀረቡ የፋይናንስ አማካሪ፣ ኪሳራ የሚያውጅ (ዕዳውን መክፈል አቅቶት የፍርድ ቤት ከለላ የሚጠይቅ) ሰው ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት እንዲቀበል ስለሚገደደው የብድር ምክር ተጠይቀው «አንድ ሰዓትና ሃምሳ ዶላር ማንን ገደለ?» አሉ። ሰው የሚከስረው ገንዘብ መያዝ ስለማያውቅ ነው ሲሉም አከሉ።

ያንን ምክር ለአጎቴ በስልክ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። አጎቴ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ፣ በዚህም ምክንያት ታክሲያቸውን ያቆሙ ሰው ናቸው። መካሪዋ ለምግብ፣ ለስልክ፣ ለልብስ የሚያወጡትን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው፤ ደምራ ስትጨርስ የሚቀነስ ነገር አጣች። ምክሩን መውሰዳቸውን የሚያረጋግጠው፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርበው የምስክር ወረቀትም ተላከ። አጎቴ ገንዘብ መያዝ ያውቃሉ። የከዳቸው ኩላሊታቸው ነው።

ለነገሩ ሃምሳ ዶላሩን ተዉት፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ክፍያው ሊቀርለት ይችላል። የሚገድለው ጊዜው ነው። በቴክሳስ ዕዳው ያልተከፈለ ቤት በሐራጅ የሚሸጠው በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ማታ ባንኩ አልሰማ ያለው ሰው አንድ መሸሸጊያ ብቻ ይቀረዋል፦ ኪሳራ ማወጅ። ማመልከቻው በገባበት ቅጽበት አበዳሪዎች ባሉበት ይታገዳሉ፤ ሐራጁም፣ ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠውም ይቆማል። የኪሳራ ሕግ ነፍሱ ይህ እገዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሕግ ግን በሩ ላይ ዘበኛ አቆመበት። ከማመልከቻው በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ምክሩን ያልወሰደ ሰው በዚህ ሕግ «ባለዕዳ» ሊሆን አይችልም ተባለ። ዕዳው አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ባለዕዳ ግን አይደለም!

ለአስቸኳይ ጉዳይ የተለየ ድንጋጌ አለ ይሉናል። አለ። ነገር ግን አመልካቹ ምክሩን አስቀድሞ ጠይቆ በ7 ቀናት ውስጥ ማግኘት ያልቻለ መሆን አለበት። ምክር በስልክና በኢንተርኔት በሚሸጥበት አገር ይህን የሚያሟላ ማን ነው? ግዴታው መኖሩን ያልሰማ ሰው ደግሞ ከቶ ምን ብሎ ይጠይቃል? ጠበቃ ያለው ይነገረዋል፤ ጠበቃ የሌለው፣ እንግሊዝኛው የማያወላዳው ወገናችን ዘበኛው እግር ሥር ይወድቃል። ውድቀቱም በአንድ ጊዜ አያበቃም። መዝገቡ ከተዘጋበት በኋላ በዓመቱ ውስጥ ተመልሶ ሲያመለክት፣ ዳኛው ካላራዘሙለት በቀር እገዳው የሚያገለግለው 30 ቀን ብቻ ነው። አንድ ወረቀት ስለጎደለ ጋሻው በግማሽ ተቆርጦ ይሰጠዋል።

ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ በወራት ውስጥ በኦስቲን የኪሳራ ጉዳዮች ዳኛ የነበሩት ፍራንክ ሞንሮ፣ ምክሩን ሳይወስዱ መኖሪያቸውን ለማዳን የመጡ ባልና ሚስትን መዝገብ ለመዝጋት ተገደዱ። በውሳኔያቸውም ይህን ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ብሎ መጥራት ፈጽሞ የማይገባ ስያሜ መሆኑን በቁጣ ጻፉ። የኮንግረስ የራሱ መርማሪ መሥሪያ ቤት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት፣ ብዙዎቹ ምክሩ ዘንድ የሚደርሱት ሌላ አማራጭ ካለቀባቸው በኋላ እንደሚመስል፣ ግዴታውም ብዙ ጊዜ የአስተዳደር እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር። ቤቱ ከነደደ በኋላ ስለ ክብሪት አያያዝ ማስተማር ግን ጭካኔ ነው።

ካመለከቱ በኋላ የሚሰጠውን የገንዘብ አያያዝ ኮርስ አልቃወምም፤ ያኔ ሰውየው ቢያንስ ተረጋግቶ ይማራል። ከማመልከቻው በፊት የሚጠየቀውን ምክር ግን ኮንግረስ ይሰርዘው። መሰረዝ ካቃተው የምስክር ወረቀቱ ካመለከቱ በኋላ እንዲቀርብ ይፍቀድ። አማካሪውም በዚያው ሬዲዮ ተመልሰው አጎቴን ይቅርታ ይጠይቋቸው። እጥበት ላይ ተኝተው ያዳምጡታል።