ጓያን በሽሮ እየበላን አኩሪ አተርን ፈራን

በቅርቡ በደብረ ብርሃን ከተማ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ተሰብስቦ ለልጆች ቁርስ ከሚሠራው ገንፎ ውስጥ አኩሪ አተር እንዲወጣ ወሰነ። ልጄ እዚያ ስለሚማር እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ጉዳዩ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አንድ የተከበሩ አባት ተነሥተው «ይህ ነገር ወንዱን ልጅ ሴት ያደርገዋል፤ አንድ ሐኪም በስልክ ላይ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ። ሌላው ተከትሎ «ዘራችንን ሊያጠፉ የላኩልን ነው» ሲል ጨመረበት። ተጨበጨበ፣ እጅ ወጣ፣ አለቀ። ገንፎው አሁን የገብስና የስንዴ ዱቄት ብቻ ነው። የተረፈው የአኩሪ አተር ዱቄት ለዶሮ አርቢ ይሸጥ ተብሎ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ያን ዕለት አልተናገርኩም። አሁን ግን እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ከልጆች አፍ ምግብ የነጠቀ ውሳኔ ነው።

«ወንዱን ሴት ያደርጋል» የሚለው ወሬ መነሻው ይህ ነው። አኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባሉ ውህዶች አሉ። ቅርጻቸው ኤስትሮጅን ከተባለው የሴት ሆርሞን ጋር ይመሳሰላል፤ ጉልበታቸው ግን ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው። ወሬኛው «ይመሳሰላል» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ ሮጠ። ማስረጃ አምጣ ሲባል ደግሞ ዘወትር የሚጠቅሰው አንድ ሰው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ታሪኩ በሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ጡቱ ያበጠ የ60 ዓመት አሜሪካዊ። ያ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ገደማ የአኩሪ አተር ወተት ይጠጣ ነበር። መጠጣቱን ሲያቆም ሆርሞኑ ወደ ልኩ ተመልሷል። ሦስት ሊትር በየቀኑ! የእኛ ልጅ በሳህኑ ላይ የሚያገኘው አንድ እፍኝ የማይሞላ ዱቄት ነው። በሦስት ሊትር ሰክሮ በወደቀ ሰው ምክንያት አንድ ሲኒ ጠላ መርዝ ነው የሚል ዳኛ ይኖራል? በወንዶች ላይ የተደረጉ በርካታ ሙከራዎች በአንድ ላይ ተጠቃለው እ.ኤ.አ. በ2010 ተመርምረዋል፤ በ2021 ደግሞ ሌሎች ሙከራዎች ተጨምረውበት ዳግም ተመርምረዋል። ሁለቱም ጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ አኩሪ አተር የወንዱን ሆርሞን አይቀንስም።

«የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር ያለበት እህል ሁሉ አይበላ» ከተባለም ከቤታችን መጀመሪያ መውጣት ያለበት ተልባ ነው። ተልባ ሊግናን የሚባሉ፣ እንደ አይሶፍላቮን ሁሉ ኤስትሮጅንን የሚመስሉ ውህዶች ጎተራ ነው። በዓቢይ ጾም የተልባ ውሃ ያልጠጣ፣ የተልባ ፍትፍት ያልቀመሰ የመንዝ ወይም የተጉለት ወንድ ማን ነው? ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲበላው የኖረ ሕዝብ ጢሙ ረገፈ? ልጅ መውለድ አቃተው? አኩሪ አተርን ያላመደችውና ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ የምትበላው ቻይናስ ዛሬ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር አይደለችም? ዘር የሚያጠፋ እህል እንዲህ አያበዛም።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ጥራጥሬ ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ከመጽሐፍ ሳይሆን በዓይናችን አይተን የምናውቅ ነን። ጓያን እናውቀዋለን። በልጅነቴ ክረምቱን በማሳልፍበት በእነዋሪ አካባቢ፣ በአያቴ ቀዬ፣ «ጋሼ» የምንላቸው ጎረቤት ነበሩ። ጉልበታቸው እርስ በርሱ እየተጋጨ፣ ተረከዛቸው መሬት ሳይነካ፣ በጣታቸው ጫፍ በሁለት ዘንግ ተደግፈው ይሄዱ ነበር። «ጓያ ሰበራቸው» ይባላል። በጉብዝናቸው ወራት፣ እህል በጠፋበት አንድ ዓመት፣ ቤቱ ውስጥ የቀረው ጓያ ብቻ ነበረ። በሉት። ከዚያ በኋላ በእግራቸው ሞፈር ተከትለው አያውቁም።

ጓያ ክፉ ቀን የሚያወጣ እህል ነው። በጥቁሩ አፈር ላይ፣ ዝናቡ ሲወጣ ይዘራል፤ ውሃ ሲተኛበትም ድርቅ ሲመታውም ይችላል። ሌላው ሰብል ሲከዳ እርሱ ይቀራል። በዚያው ልክ ኦዳፕ የሚባል የነርቭ መርዝ በውስጡ አለ፤ ድርቅ ሲበረታ ደግሞ የመርዙ መጠን ይጨምራል። ሰው ለሁለትና ለሦስት ወር ያለ ሌላ እህል በእርሱ ላይ ብቻ ሲያድር እግሩ ይያዛል፤ የተያዘ እግር አይመለስም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ገጠር ዞረው ይህን በሽታ ያጠኑት፣ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ለጨዋታ አልነበረም። ከሁሉ ይበልጥ የሚሰበረው ማን እንደሆነም ይታወቃል፤ ወጣት ወንዶች ናቸው። ለወንድ ልጆቻችን ፈራን ያላችሁ ሁሉ፣ ወንድ ልጅን ለይቶ የሚመታ እህል ካለ እርሱ ጓያ ነው!

እና ጓያን ምን አደረግነው? ከለከልነው? አልከለከልነውም። በየገበያው ከሽምብራና ከአተር ስለሚረክስ ብቻ ሽሮ ውስጥ ይደባለቃል፤ የሚሸጠው አይናገርም፣ የሚገዛው አይጠይቅም። በዚያ ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዶ ምሳው ላይ ሽሮ በልቷል፤ ከእነርሱ መካከል ሽሮው ውስጥ ምን እንደተፈጨ የጠየቀ አንድ ሰው አለ ብዬ አላምንም። ለጓያ ስንት ዘዴ አበጅተንለታል! ነክረን ውሃውን እንደፋለን፣ ከሌላ እህል ጋር እናዳብለዋለን፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳይነካን ፊታችንን እናዞራለን፣ ገለባው ላይ እንዳይተኛ ልጅ እንቆጣለን። እንፋሎቱና ገለባው የሚጎዳ መሆኑ እውነት ባይሆንም ከፍርሃቱ ጀርባ ያለው ጥንቃቄ የአባቶቻችን ነው። ነክሮ ውሃውን መድፋትና ማደባለቅ ግን በእርግጥ ጉዳቱን ይቀንሳሉ። አንድን አደገኛ እህል በዚህ ሁሉ ትዕግሥት ያላመደ ሕዝብ፣ ማንንም ሽባ ያላደረገ እህል በሩብ ሰዓት ከበር መለሰ። ይህ ነው የማይዋጥልኝ።

አንዲት እናት በስብሰባው ላይ «ልጄ ገንፎውን በልቶ ሆዱን ታመመ» ብለዋል። ይህን አልክድም፤ ከተባለው ሁሉ እውነተኛው ንግግር የእርሳቸው ነበር። በኋላ ገንፎውን የምታበስለውን እኅት ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ በዚያ ሰሞን የመጣው ዱቄት በቅጡ ያልተቆላ፣ ጥሬ ጥሬ የሚሸት ነበር። ጥሬ አኩሪ አተር ይጎዳል። ቆሽት የሚያመነጨውን፣ ፕሮቲን የሚፈጨውን ትሪፕሲን የተባለ ኢንዛይም ሥራውን የሚያስተጓጉል ነገር አለበት፤ ሆድ ይነፋል፣ ምግቡም ለሰውነት ሳይጠቅም ያልፋል። መድኃኒቱ እሳት ነው። ሌሊቱን ነክሮ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በደንብ ቀቅሎ፣ ልጦ፣ አድርቆ፣ ቆልቶ ማስፈጨት። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ በእሳት ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ የአኩሪ አተሩ ግን በሚገባ ከበሰለ አብዛኛው ይጠፋል። ታዲያ ለእናትየዋ የሚገባቸው መልስ «በደንብ ይቆላ፣ በደንብ ይብሰል» ነበር። ባቄላን ፈጭታ፣ አብስላ፣ አብላልታ ስልጆ የምታወጣ የሸዋ ሴት ይህን መማር ያቅታታል? ብረትና ዚንክ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ ያግዳል የሚባለው ፋይቴትም ቢሆን በገብሱም በስንዴውም አለ፤ ማብላላት ይቀንሰዋል።

ከገንፎው የወጣውን ነገር በቁጥር እንየው። በ100 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር ውስጥ 36 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ፤ በባቄላ 26፣ በምስር 25፣ በሽምብራ 20፣ በገብስ 12 ገደማ። የገብስና የስንዴ ፕሮቲን ደግሞ ሊሲን የሚባለው ነገር ያንሰዋል፤ ያለ እርሱ ልጅ በቅጡ አያድግም። አኩሪ አተር ያንን ይሞላል። ለዚህ ነው ፋፋ በሚባለው የሕፃናት ምግብ ዱቄት ውስጥ ስንዴና አኩሪ አተር አብረው የገቡት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በይፋትም በመንዝም ብዙ ሰው ያለቀበትን ዘመን የተሻገረ ሁሉ ፋፋን ያስታውሳል፤ ያን ጊዜ በእርዳታ ሲታደል ከነበረው ዱቄት ውስጥ አኩሪ አተር ነበረበት። «ዘራችንን ሊያጠፋ» የተባለው ዱቄት ያተረፋቸው ሕፃናት ዛሬ የልጅ አባትና እናት ናቸው።

ባህር ማዶም መሄድ አያስፈልግም። አኩሪ አተር በፓዌ፣ በአሶሳ፣ በጃዊ የእኛው ገበሬ ያመርተዋል፤ በምርት ገበያ ይሸጣል፣ ወደ ውጭም እንልከዋለን። ሌላው ዓለም ገዝቶ ይበላዋል፤ እኛ መርዝ ነው እንላለን።

ከአዳራሹ ስንወጣ አንድ ወዳጄ «ይልቅ እንቁላልና ወተት ይስጧቸው» አለኝ። ይስጧቸው! ማን ይጠላል? ነገር ግን የደብረ ብርሃን ወተት ጎሕ ሳይቀድ ወደ አዲስ አበባ እየተጫነ፣ የእንቁላል ዋጋ የቀን ሠራተኛን እጅ እያሳጠረ፣ ከስንት ወር በኋላ ነው ሳህኑ ላይ የሚደርሰው? እንቁላሏን የምትጥለውስ ዶሮ የምትቀለበው ከምን ተሠርቶ ነው? የአኩሪ አተር ፋጉሎ የዶሮ መኖ ዋና አካል ነው። ለዶሮዋ የተፈቀደው ለልጁ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ በ2019 ደግሞ 41 በመቶው። ከአሥር ልጆች አራቱ! በዚህ አገር ላይ ተቀምጠን ከገንፎ ፕሮቲን ለማውጣት እናጨበጭባለን።

ጥንቃቄ የሚሻ ሰው የለም አልልም። አኩሪ አተር የሚቆጣው ልጅ አለ፤ እርሱ አይብላ። የእንቅርት ክኒን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱንና አኩሪ አተሩን በሰዓታት ያራርቅ፤ ክኒኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊያደርግበት ይችላልና። አዮዲን በሌለበት ደግሞ እንቅርት ሊያባብስ ይችላል፤ ያ ግን አዮዲን ያለው ጨው ወደ ድስቱ የማስገቢያ እንጂ አኩሪ አተሩን የማስወጫ ምክንያት አይደለም። የጡት ካንሰርን የፈሩ እናቶችም ነበሩ። በሻንጋይ 5,042 የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ፤ አኩሪ አተር አብዝተው ከሚበሉት መካከል በሽታው ያገረሸባቸውና የሞቱት ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። ታምር መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ምግብ ነው፤ ጥሩ ምግብ።

የወላጆች ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር እንደገና ይሰበሰባል። ያን ጊዜ በመጀመሪያ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ፤ የምጠይቀውም ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከጤና ጣቢያ የሥነ ምግብ ባለሙያ ተጠርቶ በወላጆች ፊት ይናገር፤ የስልኩ ሐኪም ይበቃናል። ሁለተኛ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚገዛው ሽሮ ከምን እንደተፈጨ ሻጩ በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ ጓያ ከተገኘበት ይመለስለት። ሦስተኛ፣ መጋዘን ውስጥ ያለው ዱቄት ለዶሮ አርቢው ከመሸጡ በፊት ይመርመር፤ ያልተቆላ ከሆነ ይቆላ፣ በማግሥቱም ጠዋት ወደ ልጆቹ ድስት ይመለስ።