«መሬት ላራሹ» ገበሬውን ባለርስት አላደረገውም

«ደርግ መሬቱን ከባላባቱ ነጥቆ ለገበሬው የግል ንብረት አድርጎ ሰጠው» ብለው የሚጽፉ አሉ። ይህ አባባል በብዙ ሰው አፍ ስለሚነገር እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን አዋጁ የሚለው ሌላ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት አደረገው። ማንኛውም ሰው ወይም ድርጅት በግል የመሬት ባለቤት እንዳይሆን ከለከለ። ገበሬው ያገኘው የመጠቀም መብት ነው፤ እሱም ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወስኖ። መሸጥ፣ በዋስትና ማስያዝ፣ ማከራየት ተከለከለ። ጉልበት ካነሰው አዛውንት ወይም ከመበለት በቀር ሠራተኛ ቀጥሮ ማሳረስ እንኳ አይፈቀድም ነበር። ክፍፍሉ የገበሬ ማኅበራት ሥራ ሆነ።

ይህን ስል የአዋጁን ታላቅነት ማሳነሴ አይደለም። በተለይ በደቡብ፣ ከምርቱ ትልቁን ድርሻ ለባለመሬት ይገብር የነበረ ጭሰኛ በአንድ ቀን ከጭሰኝነት ነፃ ወጣ፤ ለባለመሬቱ የነበረበት ዕዳም ቀረለት። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ለዚህ ጭሰኛ ነበር። በሰሜን ግን በትውልድ ሐረግ የርስት ድርሻ የነበረው ገበሬ የሚያርሰውን ይዞ ቢቀጥልም፣ በሌላ ቦታ ያለውን የአያቶቹን ርስት የመጠየቅ መብቱን አጣ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም፣ በአንቀጽ 40፣ የመሬት ባለቤትነትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ ሽያጭን ከልክሏል።