ውሻችሁን አስከትቡ

የወሎ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አትቀየሙኝ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም። ጎልማሶቹ ተቆጥረው 500 ቢሞሉ ነው። ጥቂቶቹ የእኛው ናቸው፤ ላስታ ላይ በአቡነ ዮሴፍ፣ ደቡብ ወሎ ላይ በቦረና ሳይንት ተራሮች።

ሕግማ አለ። የዱር እንስሳት አዋጁ ያለ ፈቃድ ያደነን በገንዘብም በእስርም ይቀጣል። ይበል። ግን እስቲ እንተዛዘብ፦ ቀበሮዋን በጥይት የሚገድላት ስንቱ ነው? የሚፈጃት የእናንተው ውሻ ነው። በጎቹን ተከትሎ ደጋው ላይ የሚወጣው፣ መርፌ አይቶ የማያውቀው። ያበደ ዕለት አንዷን ይነክሳል። ቀበሮዋ አይጥ የምታድነው ለብቻዋ ቢሆንም ኑሮዋ ከቤተሰቧ ጋር ነው፤ ማለዳ ሲገናኙ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ። በቃ፣ በሽታው ሁሉንም ያዳርሳል። ባሌ ላይ በ1996 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ቀበሮ አልቋል።

ይህን ውሻ የትኛው ዳኛ ያስረዋል?

ማረሻውም አለ፤ ገብሱ ሽቅብ በወጣ ቁጥር የአይጡ ሜዳ ይጠባል። መሬት ያጣ ወጣት የት ይሂድ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ውሻው ግን የድህነት ጉዳይ አይደለም፤ ቸልተኝነት ነው። ለቀበሮዋ ባታዝኑ እንኳ ለልጆቻችሁ እዘኑ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም።

«መንግሥት ምን ይሠራል?» ማለት ለምዶብናል። ቀበሮዋ ካለቀች በኋላ ሌላ አዋጅ ቢወጣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እኛ እኮ ቅሬ፣ ሌላው ዕድር የሚለው፣ ያለን ሰዎች ነን! ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ፖሊስ መጥራት አያስፈልግም። ጎረቤቶቻችን መንዞችም ጓሳ የሚባለውን የሳር ሜዳቸውን ቄሮ በሚሉት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀዋል፤ ሳሩ መቼ እንደሚታጨድ የሚወስኑት ራሳቸው ነበሩ። እኛ ከማን እናንሳለን? ያልተከተበ ውሻ ደጋው ላይ አይወጣም ብሎ ቅሬው ቢወስን ማን ደፍሮ ይጥሳል? አዋጁ ጥርስ የሚያወጣው ያኔ ነው።

በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ አንዳችሁ ተነሱና ጠይቁ፦ ውሻውን ያላስከተበ ማን ነው? ቆጠራው ከሰብሳቢው ግቢ ይጀመር።