ማስተካከያ፦ የ20 ሺህ ዶላሩ የተማሪዎች ቤት ለሽያጭ የቀረበ አይደለም

«አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎች የሠሩት ቤት በ20 ሺህ ዶላር እየተሸጠ ነው» የሚል መረጃ በፌስቡክና በቴሌግራም ሲዘዋወር ነበር። ቤቶቹ በእርግጥ አሉ። ስለ ሽያጩ የተባለው ግን ስህተት ነው።

ቤቶቹ በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት የሚገኘው የኦበርን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ፕሮግራም፣ የሩራል ስቱዲዮ ሥራዎች ናቸው። የቤቶቹ ፕሮጀክት የተጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎቹ ቤቶቹን ሠርተው ለአካባቢው ነዋሪዎች በነፃ ሰጡ እንጂ አልሸጡም። 20 ሺህ ዶላር የንድፍ ግብ ነበር፤ 12 ሺህ ያህሉ ለዕቃ፣ ቀሪው ለጉልበትና ለሥራ ተቋራጩ ትርፍ። ስሌቱ የተነሳው በመንግሥት የጡረታ ክፍያ የሚኖር ሰው በወር ስንት የቤት ብድር መክፈል ይችላል ከሚለው ጥያቄ ነው። የመሬት ዋጋ አልተካተተበትም። የዕቃ ዋጋም ከዚያ ወዲህ በጣም ጨምሯል። ይህ ማስተካከያ የተመሠረተው ስቱዲዮው ራሱ ስለ ፕሮጀክቱ ባወጣቸው ማብራሪያዎች ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ቤታችሁን ለመግዛት የምታስቡ፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ በ20 ሺህ ዶላር ብቻ አታቅዱ። መሬት፣ የፍሳሽ መስመር፣ የግንባታ ፈቃድና ኢንሹራንስ ለየብቻ ወጪ አላቸው። «ቤቱን እናስይዝላችሁ» ብሎ ቀብድ ለሚጠይቅ ሰውም ምንም አትክፈሉ።

ከዋጋው ይልቅ ሊወራለት የሚገባው ንድፉ ነው። ቤቶቹ ትንንሽ ናቸው። ሰፊ በረንዳ አላቸው፣ ነፋስም እንዲያሳልፉ ተደርገው ተሠርተዋል። በአላባማ ሙቀት ይህ የመብራት ሂሳብን ይቀንሳል፤ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ደግሞ የወር ሂሳብ ቀላል ነገር አይደለም።