የማን ተማሪ ነህ?

የጎንደር ሰዎች፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። ወቀሳው እኔንም ይጨምራል። ብዙ ዓመት ዝም ብያለሁ። ከእንግዲህ ግን ሆዴ አልችል አለ።

አንድ የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲሻገር መጀመሪያ ምን ተብሎ ይጠየቃል? "የማን ተማሪ ነህ?" ይባላል። ልጁም የየኔታን ስም ይጠራል። ስሙ ከተጠራ ብዙ ነገር ይታወቃል። በየትኛው መንገድ እንደመጣ፣ ምን እንደሚቀናው፣ ምን እንደሚከብደው ሳይቀር ይገመታል። ያ ጥያቄ ለልጁ መታወቂያው ነው። ለመምህሩ ደግሞ ክብሩ ነው።

ጥያቄው በአብነት ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ዛሬም አለ። ከቅጥሩ ወጥታችሁ ፒያሳ ስትደርሱ ግን የለም። ክራር የሚመታ፣ ማሲንቆ የያዘ፣ ቡሩሽ የጨበጠ፣ እስክስታ የሚወርድ ልጅ ስናይ የምንጠይቀው ሌላ ነው። "ቲክቶክ ላይ ስንት ተከታይ አለህ?" እንላለን። "ለሰርግ ስንት ታስከፍላለህ?" እንላለን። ማን እንዳስተማረው አንጠይቅም። ልጁም ካልተጠየቀ አይናገርም። እየቆየ ደግሞ የሚጠራው ስም ያጣል።

ሌላ ከተማ ቢሆን እንዲህ ባልተቆጨሁ። እዚህ ግን ያንገበግበኛል።

ጎንደር ሲባል ሁሉም ሰው ግንቡን ያስባል። አጼ ፋሲል ከተማዋን ከቆረቆሩ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ግንቡም አለ፣ ዓለምም መዝግቦታል። ድንጋይ ማንም ሳያስተምረው ቆሞ ይቆያል። እኔ የምሰጋው ለማይቆመው ነው። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ለመመስከር የሚፈልግ ሰው ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል። የቁርባኑንና የፍትሐቱን ዜማ፣ ዝማሬ መዋሥዕትን፣ የሚፈልግ ዙር አምባ ይሄዳል። አቋቋም ያለ ግን ጎንደር በአታ ነው የሚመጣው። ስንት ልጅ ከስንት አገር በእግሩ የመጣው መቋሚያ አያያዙን፣ ጸናጽል አጣጣሉን፣ ከበሮ አመታቱን ለመቀበል ነው። ይህ ተጽፎ አያልቅም። ዜማው ምልክት አለው፤ በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ይነገራል። ምልክቱን ብቻ አይቶ ዜማ የወጣለት ሰው ግን እኔ አላውቅም። ድምፁ ከየኔታ አፍ መምጣት አለበት። ሲሳሳት "መልስ" የሚለው ሰው ፊት ለፊቱ መቀመጥ አለበት።

ሥዕሉም እንዲሁ ነው። እንግዳ ሲመጣባችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስዳችሁ ጣሪያውን ታሳያላችሁ። መላእክቱ ዓይናቸውን ከፍተው ቁልቁል ያዩናል። ያን የሳለው እጅ ቀለም መበጥበጡን፣ ሸማውን በሙጫ ግድግዳ ላይ መለጠፉን፣ የዓይኑን ቅንድብ በአንድ ጊዜ መሳቡን ከሌላ እጅ ነው የተማረው። ምሁራን "የመጀመሪያው የጎንደር አሳሳል"፣ "ሁለተኛው የጎንደር አሳሳል" እያሉ የሚለዩት ለምን ይመስላችኋል? አሳሳሉ ከአንድ ሰው ጋር ስላልሞተ ነው። መምህር ለደቀ መዝሙር፣ ደቀ መዝሙር ለሌላው አቀብሎት ነው።

ስለ ቅዱስ ያሬድ ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። ትሉን ሁላችንም እናውቃለን። ዛፉ ላይ ለመውጣት ደጋግሞ ወድቆ በመጨረሻ የወጣውን ትል ማለቴ ነው። ለልጆቻችን የምንተርከው እሱን ነው። ጌዴዎንን ግን ማን ይተርካል? ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ተቀጥቶ፣ ጠፍቶ ሄደ። ከትሉ ተምሮ ሲመለስ አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን በሩን ባይከፍትለት ኖሮስ? "ሄደህ የለ፣ እዚያው ቅር" ቢለውስ? ትሉ ጽናትን አስተማረ። ዳዊቱን ያስጠናው ግን ሲመለስ የተቀበለው ሰው ነው። እኛ ትሉን ይዘን ጌዴዎንን ጣልነው።

አሁን ሙያው ላላችሁ ልናገር።

ክራር መማር የፈለግሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበትን ሰው ስም አልጠራም። ሦስት ቀን ደጁ ተመላለስኩ። በገባሁ ቁጥር ክራሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ ጣቱን እንዳላይ። በሦስተኛው ቀን "ሙያ በልብ ነው፣ ልጄ" ብሎ ሸኘኝ። መንገዱን በሙሉ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት።

ሁለተኛው ሰው ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ነበሩ። ገንዘብ አልጠየቁኝም። ውሃ ቅዳ፣ ሱቅ ተላክ አሉኝ። ከዚያ አራት ወር ሙሉ ቅኝት ብቻ አስቃኙኝ። ትዝታ እቃኛለሁ። እሳቸው ያላሉታል። "መልሰህ ቃኝ" ይሉኛል። ባቲም እንዲሁ፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም። አንድም ዘፈን አላስጀመሩኝም። ተሰላችቼ ላቆም ጥቂት ነበር የቀረኝ። በኋላ አንድ ሰርግ ላይ ጨዋታው ሞቆ እያለ ክሩ ላላብኝ። ጆሮዬ ቀድሞ አገኘው፤ ጣቴ ተከተለው፤ ተጫዋቹም ጨፋሪውም ሳያውቅ ቃኝቼ ቀጠልኩ። ያኔ ነው ምን እንደሰጡኝ የገባኝ።

ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። የመጀመሪያው ሰው ክራር ልጆቹ ቤት ተሰቅሏል። የሚመታው የለም። እንዴት ይመታ እንደነበር የሚያሳይም የለም፤ ጥሩ መቺ ነበር እየተባለ ብቻ ይወራል። የእኚያ አዛውንት አመታት ግን እኔ ጣት ላይ አለ። ሰርግ ላይ ሽማግሌ ሰው ሰምቶኝ "የእገሌ ልጅ ነህ እንዴ?" ብሎኛል። ልጃቸው አይደለሁም። ተማሪያቸው ነኝ። እንዲህ ተብዬ ስጠየቅ ከሽልማት በላይ ነው ደስ የሚለኝ።

"ሙያ በልብ ነው" የሚለው ተረት ለጉረኛ የተነገረ ነው። አፍህን ዘግተህ በሥራ አሳይ ማለት ነው። እኛ ግን ቁልፍ አደረግነው። ሙያውን ልባችን ውስጥ ቆልፈን አብረነው መቃብር እንወርዳለን።

የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። "ያስተማርኩት ልጅ ነገ ሰርጉን ይነጥቀኛል" ትላላችሁ። ጊዜው ከባድ ነው፤ ሰርጉ ቀንሷል፣ እንግዳው ቀንሷል፣ ኑሮው ጣራ ነክቷል። ፍርሃታችሁ ከመሬት አልተነሳም። ግን ወንድሜ፣ ሰርጉን የሚነጥቅህ ያላስተማርከው ልጅ ነው። ኪቦርድ ይዞ ይመጣል፣ የተቀዳ ከበሮ ይከፍታል፣ በግማሽ ዋጋ ይሠራል። ያስተማርከው ልጅ ቢሆን ቢያንስ ስምህን ይጠራል። ስትታመም ይጠይቅሃል። እጅህ ሲደክም ጎንህ ተቀምጦ ያግዝሃል።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልምጣ፣ ለምትሰሙት፣ ለምታጨበጭቡት።

አዝማሪ ቤት ትገባላችሁ። ጠጁ ይቀዳል። "ተቀበል!" ትሉታላችሁ፤ ግጥም ትሰጡታላችሁ፤ ቃል ሳያዛንፍ በዜማ ይመልስላችኋል። ሰሙን ሰምታችሁ ወርቁን ስታገኙ ጉልበታችሁን ትመታላችሁ። ብር አውጥታችሁ ግንባሩ ላይ ትለጥፋላችሁ። መልካም። ከዚያ ቤታችሁ ስትገቡ ልጃችሁ ማሲንቆ መማር አማረኝ ቢላችሁስ? "አዝማሪ ልትሆን ነው?" ብላችሁ ትጮሁበታላችሁ። አዝማሪ የሚለው ስም አመስጋኝ ማለት እንደሆነ እያወቃችሁ ስድብ አድርጋችሁታል። ማታ ያሞገሳችሁን ሰው ጠዋት መንገድ ላይ ስታገኙት ሰላምታችሁ ይቀዘቅዛል። ልጃችሁን ለልጁ ልትድሩ ቀርቶ ሐሳቡም አይመጣላችሁ።

ከጎንደር ወጣ ብላ ቡርቧክስ የምትባል የአዝማሪዎች መንደር አለች። እዚያ ልጅ ሙያውን የሚቀበለው ከአባቱ፣ ከአጎቱ ጎን ቁጭ ብሎ ነው። የፈረስ ጭራው ሲገመድ ያያል። ደጋኑ ዕጣን ሲቀባ ያያል። መጀመሪያ ድምፅ ይቀበላል፤ ሲጎረምስ ማሲንቆው ይሰጠዋል። ይህ ትምህርት ቤት ነው። ሕንፃ ስለሌለው ብቻ ትምህርት ቤት አልመስላችሁ አለ። የእነሱን ልጆች ስማቸውን እያነወርን "ከአባትህ ሙያ ሽሽ" ያልናቸው እኛ ነን። ሲሸሹ ደግሞ "ባህላችን ጠፋ" ብለን የምናለቅሰው እኛው ነን። በአንድ አፍ ሁለት ምላስ ማለት ይህ አይደል?

ጥምቀት ሲደርስ ለድንኳኑ፣ ለባነሩ፣ ለድምፅ ማጉያው የሚሰበሰበውን ብር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ ላይ ለአንድ ልጅ የአንድ ዓመት ቀለብ፣ ለአንድ መምህር የቤት ኪራይ ቢቀነስ በዓሉ አይጎድልም። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም፤ የሚመለከታቸው ይሰሙኛል።

ወጣቶች፣ እናንተንም አልዘልም። ከስልክ ላይ ጣት ማየት ጥሩ ነው፤ እኔም አያለሁ። ስልኩ ግን ሲሳሳቱ አይሰማም። ሦስት ወር ተምራችሁ ክሊፕ ከለቀቃችሁ በኋላ ማን ደፍሮ ያርማችኋል? አራት ወር ቅኝት ብቻ የሚያስቃኝ ሰው ካገኛችሁ እግሩን ይዛችሁ አትልቀቁ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። በወጣትነታቸው ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተምረዋል። ኋላ ከመነኮሱ በኋላ እዚህ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። በዓለም ስማቸው ከመነሳቱ በፊት እዚህ ተማሪ ነበሩ ማለት ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ደጅ ላይ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። ልጆቹ ለምነው በልተው፣ መሬት ላይ ተኝተው ይማራሉ። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ሙዚቃቸው ነበር፤ በእሱ ድሃ ልጆችን ለማስተማር ቆረጡ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀረጹ። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። እኛ እነዚያን ልጆች በየቀኑ እያየን እናልፋለን። በአንድ መንገድ ነው የምንሄደው፤ እሳቸው ቆሙ፣ እኛ አልቆምንም።

በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋስ? አዲስ አበባ ውስጥ በልጅነቱ የጎረቤቱ የአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤልን በገና ሰምቶ ነው የጀመረው። ጎረቤት! አለቃ ተሰማ "ልጅ ነው፣ ይረብሸኛል" ብለው ቢያባርሩት ኖሮ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማረውን ሰው አናገኘውም ነበር። ስንቶቻችን አጠገባችን አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሚሰማን ልጅ አለ?

እኔ ነበረኝ። ይህን የምናገረው አፍሬ ነው። የዛሬ አራት ዓመት አንድ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጄ ላይ ቆሞ ይሰማኝ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ያስተምሩኛል?" አለኝ። "ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ጊዜ ና" አልኩት። ሌላ ቅዳሜ መጣ። አሁንም ሌላ ጊዜ አልኩት። ከዚያ አልመጣም። ክራሬን ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩም፤ "ሙያ በልብ ነው" አላልኩም። ያደረግሁት ግን ከዚያ ሰው አይለይም።

ባለፈው ወር ከአዘዞ ስመለስ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ እሱ ነበር። ቁመቱ ረዝሟል። ሂሳብ ሲቀበለኝ አወቀኝ፣ እኔም አወቅሁት። "አሁንም ይጫወታሉ ጋሼ?" አለኝ። አዎ አልኩት። እስክወርድ ድረስ አንድ ነገር ለማለት ስሞክር አቃተኝ። ማራኪ ላይ ስወርድ "ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አለህ?" አልኩት። እስከ አሥር ሰዓት እንደሚሠራ ነገረኝ። ክራር እንደሌለውም ነገረኝ። የእኔን ትይዛለህ አልኩት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይመጣል። ትዝታን ለመቃኘት ገና ይታገላል፤ ሦስተኛው ክር ሁልጊዜ ይከብደዋል። "መልሰህ ቃኝ" እለዋለሁ።