የሽንኩርቱን ልጣጭ አትጣሉት

ጀርመን ውስጥ ፋሲካ ሲቃረብ በየግቢው ዛፍ ላይ እንቁላል ተንጠልጥሎ ይታያል። ውስጡ ተነፍቶ የወጣ፣ ቀለም የተቀባ ባዶ ቅርፊት ነው። ዛልፌልድ በምትባል ከተማ አንድ ቤተሰብ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በ18 እንቁላል የጀመረው ዛፍ፣ በ2012 ዓ.ም. 10,000 ደርሶ ነበር።

እዚህ የሚኖር ብዙ ሐበሻ ወላጅ ይሄን ሲያይ «የፈረንጅ ነገር» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ለእኛ ቅርብ ነው ባይ ነኝ። ጥንት የአውሮፓ ክርስቲያንም እንደኛው በዐቢይ ጾም እንቁላል አይበላም ነበር። ዶሮ ግን በጾምም ትጥላለች። የተጠራቀመው ለፋሲካ ይቀቀላል፣ ቀለም ይነከራል፣ ለልጅ ይሰጣል። ዛሬ እዚህ ጾሙ ከብዙው ቤት ወጥቶ ጨዋታው ብቻ ተርፏል። እኛ ዘንድ 55ቱን ቀን የሚጾመው ብዙ ነው፤ የልጆቹ ጨዋታ ግን የለም።

ሀገር ቤት ልጅ ለበዓል እጁን የሚያሠራበት ጊዜ አለው። ለሆሣዕና በዘንባባ ቀለበትና መስቀል ይሠራል። ለእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ሥሎ በየቤቱ ያዞራል። የፋሲካ ሥራ ግን የትልቅ ሰው ነው፤ ልጅ ወጡ እስኪደርስ ይጠብቃል። እዚያ ጎረቤቱም ዘመዱም ስለሚሰበሰብ መጠበቁ ራሱ ደስ ይላል። እዚህ አፓርታማ ውስጥ እናት ማድቤት ትቆማለች፣ ልጅ ስልኩ ላይ ይቀመጣል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

የቀኑ አለመገጣጠምም አለ። በ2024 የእነሱ ፋሲካ ማርች 31፣ የእኛ ሜይ 5 ዋለ። ልጆቻችን ከመዋዕለ ሕፃናት ባለቀለም እንቁላል ይዘው ሲመጡ ገና አምስት ሳምንት ጾም ይቀረን ነበር። «እማዬ፣ ልብላው?» ሲባል ምን ይመለሳል? ስለዚህ ጨዋታውን ወደ ራሳችን ቀን፣ ወደ ቀዳም ሥዑር፣ ብናመጣው ይሻላል። የልጆቹን ጓደኞች ጥሩ፤ ፈረንጁም ይምጣ።

ቀለሙ ቤት ውስጥ አለ። ለዶሮ ወጥ ከሚከተፈው ሽንኩርት የሚተርፈው ልጣጭ ብዙ ነው። ደረቅ ደረቁን ሰብስባችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አፍሉት፤ ቡናማ ቀይ ይወጣዋል። ትንሽ አቼቶ ጨምሩበት። አሲዱ የቅርፊቱን ገጽ ነካ ስለሚያደርገው ቀለሙ ይይዛል። እርድ ቢጫ ይሰጣል። ወይን ጠጁ ጥቅል ጎመን ደግሞ፣ ያላየ አያምንም፣ ነጭ እንቁላልን ሰማያዊ ያደርጋል።

እኔ ከሁሉም የምወደው የቅጠሉን ነው። ልጁ አንዲት የድንብላል ቅጠል ውኃ አስነክቶ ጥሬው እንቁላል ላይ ይለጥፋል። ከዚያ በአሮጌ ስቶኪንግ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለልና ጫፉ በክር ይታሰራል። ብቻን አይሆንም፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ያስራል። ጓደኛ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የልጣጩ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቀቀላል፤ ምድጃው ጋ ትልቅ ሰው ይቁም። ቀዝቅዞ ሲፈታ ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ፣ የዳሩ ቅርጽ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጨርቅ ዘይት ቢያስነኩት ያብረቀርቃል።

ለትንንሾቹ ነጭ ክሬዮን ይበቃል። በተቀቀለው እንቁላል ላይ መስቀል ይሥሉበታል፤ ምንም አይታይም። የቀዘቀዘው ቀለም ውስጥ ሲነከር ግን ሰም የነካውን ቀለም አይገባውምና መስቀሉ ብቅ ይላል። የዩክሬን ሴቶች እንቁላል ላይ ያን የመሰለ ጥበብ የሚያወጡት በዚሁ መንገድ፣ በቀለጠ ሰም ነው።

«ከሃይማኖታችን ጋር ይሄዳል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ኦርቶዶክሶቹ ግሪኮች ጸሎተ ሐሙስ ዕለት እንቁላል ቀይ ይነክራሉ። በትንሣኤው «ክርስቶስ ተንሥአ» እየተባባሉ እንቁላል ለእንቁላል ያጋጫሉ፤ ያልተሰነጠቀለት ያሸንፋል። የእኛም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላታቸው ላይ የሰጎን እንቁላል አለ። ሰጎን እንቁላሏን ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች ይባላልና የእግዚአብሔር ጥበቃ ምሳሌ ነው። ለልጅ ይሄን እየነገሩ ቀለም ማስነከር ምን ነውር አለው?

ለወጡ የሚገባውንም ልጆቹ ይላጡት። ቀሪው ሳህን ላይ ተደርድሮ ፍሪጅ ይግባ። ከቅዳሴ መልስ፣ ዶሮው ከመቅረቡ በፊት፣ መጀመሪያ እነሱ ያጋጩ።