ማስተካከያ፦ ለመጸዳጃ ቤት መያዣ ብረት የሚገባው ብሎኪንግ

ብሎኪንግ ማለት መያዣ ብረቱ በብሎን የሚታሰርበት፣ ግድግዳው ውስጥ የሚገባ እንጨት ነው። አሜሪካ ውስጥ በግንባታ በተሰማሩ ወገኖች ዘንድ በሰፊው የተጋራ ጽሑፍ፣ በአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤት የሁለቱን መያዣ ብረቶች ርዝመት (42 እና 36 ኢንች) ደምሮ «78 ኢንች ብሎኪንግ፣ አንድ ባለ8 ጫማ እንጨት ይበቃል» ይላል። አይበቃም።

ብሎኪንግ የሚቆረጠው በብረቱ ርዝመት ሳይሆን በስተዶቹ (ግድግዳው ውስጥ በሚቆሙት ቋሚዎች) መካከል ባለው ክፍተት ልክ ነው። የእንጨት ስተድ ከመሃል እስከ መሃል በየ16 ኢንቹ ሲቆም ክፍተቱ 14.5 ኢንች ነው። በ2010ሩ የፌዴራል የኤዲኤ (የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ) ስታንዳርድ መሠረት የጎኑ ብረት ከኋላው ግድግዳ ቢበዛ 12 ኢንች ርቆ ይጀምርና ቢያንስ እስከ 54 ኢንች ይዘልቃል። ስተዱ ከማዕዘን ከተቆጠረ አራት ክፍተት ይነካል ማለት ነው፤ የኋላው ደግሞ ሦስት። ሰባት ቁራጭ፣ 101.5 ኢንች። ባለ10 ጫማ ይግዙ። የማዕዘኑ ክፍተት ጠበብ ስለሚል እሱን ለክቶ መቁረጥ ነው።

ጽሑፉ ከፍታውንም «ከኮንክሪቱ 33 ኢንች» ብሎታል። ስታንዳርዱ የሚለው ካለቀው ወለል እስከ ብረቱ አናት ከ33 እስከ 36 ኢንች ነው። ሰድሩና ማጣበቂያው ወለሉን ከፍ ሲያደርጉት ብረቱም አብሮ ከፍ ይላል፤ የላይኛው ብሎን እንጨቱን ሊስት ይችላል። ቱ ባይ ሲክስ (2x6) የሚባለው እንጨት ስፋቱ 5.5 ኢንች ብቻ ስለሆነ፣ ለጥቂት ዶላር ልዩነት ቱ ባይ ኤይት (2x8፣ ስፋቱ 7.25 ኢንች) ይሻላል።

ብረቱ 250 ፓውንድ ኃይል መቋቋም አለበት፤ ድራይዎል (ስተዶቹን የሚሸፍነው የጂፕሰም ሰሌዳ) ብቻውን ይህን አይችልም። በ78 ኢንች ሂሳብ የሠራችሁ፣ ድራይዎሉ ከመዘጋቱ በፊት የጎደሉትን ቁራጮች ጨምሩ።